በሰባት እርምጃ ርቀት

ጡረታ ከወጣሁ አምስት ወር ሆነኝ። እግሬ ግን ገና ሥራ ላይ ነው። ሰው ቤት ገብቼ ግድግዳ ላይ ፎቶ ካየሁ፣ ሰላምታውን ሳልጨርስ ወደ ኋላ መራመድ እጀምራለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ጀርባዬ በሩን እስኪነካ። ባለቤቶቹ «ምነው፣ ልትሄድ ነው እንዴ?» ይሉኛል። ልሄድ አይደለም። ፎቶው ከየት ላይ ሲታይ ፊት እንደሚሆን እየፈለግሁ ነው።

ይህን ልማድ ያስያዙኝ ጋሽ ኢድሪስ ናቸው። የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ፎቶ የምናትምበት ሱቅ ጅቡቲ ውስጥ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ፣ እኛ አሁንም ለገሃር ከምንለው፣ ጥቂት ወረድ ብሎ ነበር። በቀደም በዚያ ሳልፍ የስልክ መሸፈኛ ይሸጥበታል። ወለሉ ላይ ግን የቀለም ነጠብጣቦቻችን አልለቀቁም። ሻጩ ምን እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ አንድ መሸፈኛ ገዝቼ ወጣሁ። ለስልኬ አይሆንም።

ሥራዬን የጀመርኩት በጋዜጠኝነት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የላከኝ አንድ የንግድ ጋዜጣ ነበር። ስንት መርከብ ወረፋ እንደያዘ፣ ማዳበሪያው መቼ እንደተራገፈ፣ የጭነት መኪናዎቹ የት እንደቆሙ እየጠየቅሁ እጽፋለሁ። አንድን ነገር ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሳይነግሩኝ አልጽፍም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠራሁ። ከዚያ ጋዜጣው ተዘጋ፤ ደብዳቤው ሦስት መስመር ነበር። በዚያው ቀን የመጨረሻ ፎቶዎቼን ልወስድ ጋሽ ኢድሪስ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው።

«አቦ፣ ታዲያ ምን ቆመሻል?» አሉኝ። «ያንን ጥቅል ወረቀት አንሺልኝ!»

ድሬዳዋ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላል፤ ፍቅር ነው፣ ስድብ አይደለም። ወረቀቱን አነሳሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳነሳ ኖርኩ።

የሱቁ ባለቤት ማዳም ፋጡማ ነበሩ። በወር አንድ ቀን ይመጣሉ፣ በራፉ ላይ ቆመው በፈረንሳይኛ «ማሽኑ ይሠራል?» ብለው ይጠይቃሉ፣ «ይሠራል» ስንላቸው ፖስታውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ማሽኑ በማይሠራበት ቀንም «ይሠራል» እንል ነበር። ስለ ደሞዙ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሥራው ላላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ፎቶውን ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለህ፣ ማሽኑ ያትማል። በመካከል ግን አንድ ፕሮግራም አለ። የትኛው ቀለም ስንት ጠብታ እንደሚፈስ የሚወስነው እሱ ነው። ትልቁን ምስል ወደ ወረቀት ቁራጮች የሚከፋፍለው፣ ትንሹን ፎቶ የሚያጎላው እሱ ነው። የእኛ ፕሮግራም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበር። እኔና እሱ ለመግባባት አንድ ዓመት ፈጀብን።

የመጀመሪያው ትምህርቴ የአንዲት ሙሽራ ፊት ነበር። ከካርቲዬ 2 ሰፈር የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ መልካም ነው፤ ሲታተም ሙሽራዋ ቀላች። እናትየው አንስተው አዩትና፣ «ምነው ልጄን ቀይ ሥር አስመሰላችኋት?» አሉ። አጎትየው ደግሞ፣ «ተዪው፣ አፍራ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ቀለሙን ቀየርኩ፣ ቀለም የሚተፋውን የማተሚያውን አፍንጫ ሁለት ጊዜ አጠብኩ፣ ግማሽ ቀን አለቀ። ሙሽራዋ አሁንም ቀይ ሥር ናት። ጋሽ ኢድሪስ ከወንበራቸው ሳይነሱ ጠየቁኝ።

«ስንት ሰው ነው ቀለሙን ያረመው?»

«ማንም አላረመም።»

«ፕሮግራሙስ?»

«እሱማ ያርማል።»

«ማተሚያውስ?»

ማተሚያው በራሱ እንደሚያርም አላሰብኩም ነበር።

«ሁለት ሴቶች ሳይነጋገሩ አንድ ወጥ ላይ ጨው ሲጨምሩ አይተሽ አታውቂም? አንደኛዋን ከኩሽና አስወጫት።»

የማተሚያውን እርማት አጠፋሁ። ሙሽራዋ የቀይ ዳማ ሆና ወጣች።

ሁለተኛው ትምህርት ዶራሌ ወደብ ነበር። አንድ የጭነት ድርጅት ወደቡ ጎህ ሲቀድ የተነሳ ፎቶ ግድግዳ ሙሉ እንዲታተምለት አዘዘ። አራት ረጃጅም ወረቀት ጎን ለጎን ይገጠማል። ወራቱ ያ ከምድረ በዳ የሚነሳው ትኩስ ነፋስ የሚነፍስበት ነበር። ሲታተም የፎቶው ሰማይ ላይ በየአንድ ጣት ልዩነት ነጭ መስመር ወጣ። እኔ ወዲያው «አፍንጫው ተደፍኗል» አልኩ። ጋሽ ኢድሪስ ወረቀቱን በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱት፤ ሰው የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ነው።

«መቼ መጣ?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ከመጋዘን።»

«እዚያ ይቃጠላል፣ እዚህ ይበርደዋል። ያብጣል፣ ይኮማተራል። ማሽኑ ስንት እንደሚገፋው ግራ ገብቶታል። እንግዳ ከመንገድ ገብቶ ሳያርፍ ይታዘዛል እንዴ? አሳርፊው።»

እስከ ማግስቱ ክፍሉ ውስጥ ተውነው። ሲታተም አንድ መስመር አልነበረበትም። ዶራሌ ሄጄ ስሰቅለው ከዘበኛው በር ጀምሬ እርምጃ ቆጠርኩ። መኪናዎቹ አቧራ እያስነሱ ያልፋሉ፤ ዘበኛው፣ «ወደቡ እዚያ ውጭ አለ፣ እናንተ ደግሞ ግድግዳ ላይ ትሰቅሉታላችሁ» እያለ ይስቅብኛል።

ሆኖም የጋሽ ኢድሪስ ዋና ነገር ይህ አይደለም። አሮጌ ፎቶ ለማጉላት ሰው ሲመጣ ኮምፒውተሩን አያስነኩኝም። ፎቶውን ነጭ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡና በአጉሊ መነጽር እያዩ ጮክ ብለው ያነቡታል፤ እኔ እጽፋለሁ። ወረቀቱ ሦስት ዓምድ ነበረው፦ «አለ»፣ «የለም»፣ «አይታወቅም»። «ሸሚዝ፣ አለ። የላይኛው ቁልፍ፣ የለም። ጉንጩ ላይ ያለው ነጥብ፣ አይታወቅም።» ያልታወቀውን ለማወቅ ፎቶውን ያዘነብሉና መብራት ከጎን ያበሩበታል። እድፍ ከሆነ ከወረቀቱ በላይ ተነስቶ ይታያል፤ የምስሉ አካል ከሆነ አይነሳም። ካልለየለት «አይታወቅም» እንዳለ ይቆያል። አይነካም፣ አይጠፋም።

ከታተመ በኋላ ግድግዳው ላይ እንለጥፈውና ወደ ኋላ ይራመዳሉ። ፊቱ ፊት የሚሆንበት ቦታ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው በጠመኔ ወለሉ ላይ መስመር ያሰምራሉ። ደንበኛውን መስመሩ ላይ ያቆሙታል። «ከዚህ ነው የሚታየው። ከዚህ ካለፍሽ ቀለም ነው የምታዪው።»

ጋዜጠኛ ነበርኩና ያንን ሦስት ዓምድ ወደድኩት። በአሥራ አንድ ዓመት የጋዜጣ ሥራ «አይታወቅም» ብሎ ማተም የፈቀደልኝ አለቃ አላገኘሁም ነበር።

ጋሽ ኢድሪስ ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ድሬዳዋ ልጆቻቸው ዘንድ ተመለሱ። ሲሄዱ አጉሊ መነጽሩንና ግማሽ ጠመኔ ተዉልኝ። «ከፕሮግራሙ ጋር አትጣዪ፤ ግን አትተማመኚበት» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ማረፋቸውን ሰማሁ። ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም። የድንበሩ ወረቀት አልሞላልኝም ነበር።

አሁን ያጠፋሁትን ልጻፍ።

ጽጌ የምትባል ሴት አምቡሊ ሰፈር፣ አውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ ምግብ ቤት አላት። ሻንጣ ጫኞቹም ዘበኞቹም እዚያ ይበላሉ፤ እኔም ለዓመታት የበላሁት እዚያ ነው። አንድ ቀን ሂሳብ ስከፍል እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከመሳቢያ ፎቶ አወጣችልኝ። መዳፍ የማትሞላ ናት። ድሬዳዋ ለገሃር፣ የባቡሩ ጥገና ሠራተኞች ሦስት ረድፍ ሠርተው ቆመዋል።

«ከኋላ ረድፍ፣ ከዳር ሁለተኛው። አባቴ ነው» አለችኝ።

ፊቱ የምስር ፍሬ ያህላል።

«ስሙ ወልዱ ነው። አራት ወር ሲሆነኝ ወባ ገደለው። ሌላ ፎቶ የለውም። እናቴ እኔን አዝላ እዚህ እህቷ ዘንድ መጣች። ስለ እሱ ስጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው የምትነግረኝ፤ መጀመሪያ በተያዩ ቀን፣ ለገሃር ቲኬት ልትቆርጥ ቆማ፣ ‹ጠቀሰኝ› ትላለች። ‹ባለጌ!› ብላ ሰደበችው። ‹ኋላ ግን ሳቅሁ› ትላለች። ከዚያ በላይ አትናገርም፤ ታለቅሳለች። አሁን እሷም የለች።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«ፊቱን ልየው። ስልሳ ሊሞላኝ ነው፣ የአባቴን ፊት አላውቅም። ታጎላልኛለህ?»

ፎቶውን ይዤ ሄድኩ። እንደ ልማዱ ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ፣ ወረቀቴን ዘርግቼ ጻፍኩ። ኮፍያ፣ አለ። ጢም፣ አለ። አፍ፣ አለ። ግራ ዓይን ላይ ጥቁር ነገር፤ እድፍ ይሁን ጥላ፣ አይታወቅም። ይህን በገዛ እጄ ጻፍኩ።

በዚያ ሰሞን የፕሮግራሙ አዲስ ዓይነት መጥቶ ነበር። «ቪዛዥ» የሚል ቁልፍ አለው፤ ፊት ማለት ነው። የደበዘዘ ፊት ላይ ስትጫነው ያጠራዋል። እኔ ሞክሬው ተገርሜ ነበር። መብራት ከጎን ማብራት ነበረብኝ፤ አላበራሁም። ቁልፉን ተጫንኩ።

ከምስር ፍሬዋ ሰው ወጣ። ሁለት ጥርት ያሉ ዓይኖች፣ ቅንድብ በየፀጉሩ፣ ለስላሳ ጉንጭ፣ የሚያምር ሰው። ወንበሬ ላይ ወደ ኋላ ተደግፌ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ጥርጣሬ ገብቶኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ለጥርጣሬ መድኃኒቱን አውቃለሁ አልኩ፤ ሁለት ምስክር።

ወልዱን በሕይወቱ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ከተማው ውስጥ ነበሩ። አንዷ የጽጌ አክስት ናቸው፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ይህንንም አውቃለሁ። ሁለተኛው አቶ ሮብሌ ናቸው። ሶማሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ባቡሩ ጥገና ውስጥ የወልዱ ረዳት ነበሩ። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ሁለቱንም ጽጌ ምግብ ቤት ጠራኋቸው። አትሜ የያዝኩትን ፎቶ ገለጥኩ።

ጽጌ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እንባዋ በጣቶቿ መካከል ወረደ።

«እሱ ነው ወይ?» አልኩ።

አክስትየው ፊታቸውን ወረቀቱ ላይ ደፍተው፣ «ቁርጥ እሱ! ምን ጥርጥር አለው!» አሉ።

አቶ ሮብሌ ፎቶውን አዩ። ከዚያ ጽጌን አዩ። «አዎ» አሉ። «ወልዱ ነው።»

ሱቅ ተመልሼ «አይታወቅም» የሚለውን ሰረዝኩ። ለግድግዳዋ አንድ ትልቅ ቅጂ አተምኩ። ዋናዋን ትንሽ ፎቶ «ክፈፍ አሠራላታለሁ» ብዬ እኔው ዘንድ አስቀረኋት።

ሦስት ወር አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ጫት ገብቶ ከተማው ፀጥ ባለበት ሰዓት፣ አቶ ሮብሌ ብቻቸውን ሱቁ መጡ። እሳቸው አይቅሙም። ተቀመጡ፤ ስለ ሙቀቱ አወራን፣ ስለ ጉልበታቸው አወራን። ከዚያ በከዘራቸው ወለሉን መታ መታ እያደረጉ፣

«ጽጌ ቅዳሜ ድሬዳዋ ትሄዳለች፤ ሰምተሃል?» አሉኝ።

«አልሰማሁም።»

«ለአባቷ መቃብር ድንጋይ አሠርታለች። ያንተ ፎቶ ድንጋዩ ላይ ሊቀረጽ ነው።»

«እሰየው!»

«ምን እሰየው ትለኛለህ? ያ ሰውዬ ማነው?»

መጀመሪያ ጥያቄው አልገባኝም። «ወልዱ ነዋ። እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ነው ያሉት?»

«ወልዱ ብየዳ ሠራተኛ ነበር። ብረት ፈንጥቆ የግራ ዓይኑን ቆብ አቃጥሎታል። ቆቡ ሳይጠራው ይወድቅበታል፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ ሲያደርግ ነው የሚውለው። እኛ ‹ወልዱ ጥቅሻ› ነበር የምንለው። አንተ ያመጣኸው ሰውዬ ግን ሁለት ዓይኑ እንደ ሙሽራ ተኳኩሏል።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

አቶ ሮብሌ ቀና ብለው አዩኝ። «እሷ ፊት? እንባዋ እየወረደ? አንተ ብትሆን ትል ነበር?»

በጋዜጠኝነት ዘመኔ ሁሉ ባለጉዳዩ በቆመበት ምስክር ጠይቄ አላውቅም። ጥያቄ ጠይቀህ አንድ መልስ ብቻ የሚፈቀድበት ቦታ ካደረግኸው፣ የጠየቅኸው ጥያቄ አይደለም። ይህን ለጀማሪ ጋዜጠኞች ሳስተምር የነበርኩት ሰው ነኝ። በሐዘንተኛ ፊት «አይደለም» የሚል የእኛ አገር ሰው የትም የለም፤ ሶማሌውም አማራውም ያው ነው። እኔ ያደረግሁት ሁለት ጨዋ ሰዎችን ውሸት ማስገደድ ነበር።

እሳቸው እንደወጡ ትንሿን ፎቶ አወጣሁ። አዘነበልኳት፣ መብራት ከጎን አበራሁባት። የግድግዳው ስንጥቅ ላይ ያለ አቧራ ተነስቶ ታየኝ። የአንዱ ሰው ኮፍያ ላይ የዝንብ እድፍ ተነስቶ ታየኝ። የወልዱ ግራ ዓይን ላይ ያለው ጥቁር ነገር አልተነሳም። ከምስሉ ጋር ነበር። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከሦስት ወር በፊትም አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ቀኑ ረቡዕ ነው። ዝም ማለት ይቻል ነበር። አክስትየው አያዩም፣ አቶ ሮብሌ አይናገሩም፣ ጽጌ ደስ ብሏታል። ግን ቅዳሜ ድንጋይ ላይ ሊቀረጽ ነው። በጋዜጣ የወጣ ስህተት በማግስቱ ይታረማል፤ መቃብር ማረሚያ አምድ የለውም።

አምቡሊ ስደርስ ምሳ በልተው የጨረሱ ሰዎች እየወጡ ነበር። ፎቶው ከሂሳብ መቀበያው በላይ ተሰቅሏል። ጽጌ፣ «ጋዜጠኛው፣ ዛሬ አርፍደሃል፤ ምስር ብቻ ነው የቀረው» አለችኝ። አልበላም አልኳት። ገብቷት ተቀመጠች።

ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳት። የጻፍኩትን ወረቀት፣ የተጫንኩትን ቁልፍ፣ ያላበራሁትን መብራት። ፕሮግራሙ የማያውቀውን ሲያገኝ ከሌሎች ሰዎች ፊት እየወሰደ እንደሚሞላ ነገርኳት። ስለ ብየዳው ልጀምር ስል እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«ቆይ» አለች። «እና ይሄ ማነው?»

«ማንም አይደለም።»

«ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርክ ስለው ነበር እኮ!»

ቀና ብላ ፎቶውን አየችው።

«የማማክረውን ነገር ሁሉ ነግሬዋለሁ። ስለ እናቴም ነግሬዋለሁ።» ድምጿ አልጨመረም፤ ቢጨምር ይሻለኝ ነበር። «ለማን ነበር ታዲያ የማወራው?»

ተነሳች። ወንበር ላይ ወጥታ ፎቶውን አወረደችው። ትቀድደዋለች ብዬ ጠበቅሁ። በጋዜጣ ጠቀለለችና ሰጠችኝ።

«የሰው ፊት አይቀደድም። ለባለቤቱ መልስ።»

ባለቤት የለውም። እስከ ዛሬ እኔ ቤት መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ያችን ሦስት ዓምድ ያላትን ወረቀት አብሬ አስቀምጫታለሁ።

በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ። «እውነተኛውን ማሳየት ትችላለህ ወይስ አትችልም?»

«ጥርት ብሎ አይታይም።»

«ጥርት ይበል አላልኩም።»

ከበሩ ተመለስኩ። ከኩሽናው ደጃፍ እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳ በእርምጃ ለካሁ። ሰባት ነው።

ወረቀቱን ሐሙስን ሙሉ አሳረፍኩት። ብርሃን እንዳይመልስ የማያብረቀርቀውን መረጥኩ። ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቼ «ቪዛዥ»ን አጠፋሁ፣ ማጥሪያውን አጠፋሁ፣ ማለስለሻውን አጠፋሁ። ባጠፋሁ ቁጥር «እርግጠኛ ነህ?» ይለኛል። ሰባት እርምጃ ለሚርቅ ዓይን የቀለሙ ነጥብ ምን ያህል መተለቅ እንዳለበት ጋሽ ኢድሪስ በጣታቸው ነበር የሚያሳዩኝ፤ በጣቴ ለካሁ። ዓርብ ጠዋት አንድ ሜትር ቁመት ያለው ወረቀት ከማሽኑ ወጣ። ከቅርብ ሲታይ ሽምብራ የተበተነበት ሰሌዳ ነው።

ይዤ ሄድኩ፤ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ጽጌ ቀርባ አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ አየችው።

«ምንም የለም እኮ። ጥቁርና ግራጫ ነው።»

«ዙሪ። ጀርባሽን ስጪው።»

«ምን ልታደርገኝ ነው?»

«ወደ ኩሽናው ሂጂ። እኔ እስክልሽ አትዙሪ።»

ከጎኗ እየሄድኩ ቆጠርኩ። ሰባት ላይ ስንደርስ «አሁን» አልኳት።

ዞረች።

ማዶ ግድግዳው ላይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ቆሟል። ጢሙ ይታያል። አፉ ሊስቅ ይሁን ሊናገር አይታወቅም። ቀኝ ዓይኑ ቀጥ ብሎ ያያታል። ግራው ተጨፍኗል።

ኩሽና ውስጥ ድስት ይንተከተካል። ስለ ብየዳው ያኔ አልጨረስኩላትም ነበርና አሁን ልነግራት አፌን ስከፍት፣ እሷ ቀደመችኝ።

«ጠቀሰኝ» አለች።

ከዚያ የሽርጧን ጫፍ ወደ አፏ ወስዳ፣ እንባዋ እየወረደ፣

«ባለጌ!» አለችው፤ ሳቀች።

ከኪሴ የጋሽ ኢድሪስን ጠመኔ አውጥቼ ጎንበስ አልኩና በጫማዋ ጫፍ ፊት መስመር አሰመርኩ።

ቅዳሜ ድሬዳዋ ሄደች። ድንጋዩ ላይ ስሙ ብቻ ተጻፈ። ለአቶ ሮብሌ ይህን ስነግራቸው ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «ጥቅሻም ብላችሁ ብትጨምሩበት ደስ ይለው ነበር» አሉ።

አሁን ሱቁ የለም። ምሳዬን ግን አሁንም አምቡሊ ነው የምበላው። ከፎቶው ሥር የሚቀመጡት ሻንጣ ጫኞች ምን እንደሆነ አያውቁም፤ አንዱ የአውሮፕላን ማረፊያው ካርታ ነው ብሎ ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ። ጽጌ በየማለዳው ወለሉን በውኃ ታጥባለች፤ መስመሩም አብሮ ይታጠባል። ሲደርቅ ከሂሳብ መቀበያው ጠመኔ ታነሳለች፣ ከግድግዳው ጀምራ ሰባት ትቆጥራለች፣ ጎንበስ ብላ እንደገና ታሰምረዋለች። ከዚያ ቀና ትልና እንዴት አደርክ ትለዋለች።